አንድ ብቻ ካላችሁኝ ዲዋር ነው

ሰላም ለዚህ ቤት። ጠያቂው ወንድማችን ሁለት ነገር አንስቷል። ከ1970ዎቹ የህንድ ፊልሞች አንድ ብቻ ምረጡ ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ፣ ለምን? ደግሞስ ቲክቶክ ላይ ያደጉ ልጆቼን በየትኛው ላስጀምራቸው? ከላይ የመለሳችሁትን አንብቤያለሁ። አብዛኞቻችሁ «ሾሌ» ብላችሁ በአንድ ቃል አልፋችኋል፤ አንዱ ደግሞ «ትሪሹል» ብሎ ብቻውን ቆሟል። የእኔ ምርጫ ዲዋር የሚባለው ፊልም ነው፤ ግን ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝና በአጭሩ አይሆንልኝም፤ ታገሱኝ።

ዘመኑን አስቀድመን እንያዝ። 1970ዎቹ የተባለው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከ1962 እስከ 1972 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላም «በእኛ» ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆንማ ዲስኮ ዳንሰርም ይገባና ነገሩ ሁሉ የተዋናዩ የሚቱን ጭፈራ ሆኖ ይቀራል። ማዘር ኢንዲያን የጻፋችሁ እህቶች አላችሁ፤ እሱ የ1957 ፊልም ስለሆነ ከጥያቄው ውጪ ነው፣ ግን እሱን በመጥቀሱ ማንም ሰው አይቀየምም።

እነዚህ ፊልሞች እኛ ጋ የደረሱት ዘግይተው ነው። እኔ ያየኋቸው በእኛ 1980ዎቹ ውስጥ፣ ከፒያሳ ጀርባ በነበረች አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ነው። መስኮቷ በጆንያ ተሸፍኗል፣ ወንበሯ አግዳሚ ሳንቃ ነው፣ የደሴ ብርድ በበሩ ስር እየገባ እግር ያቆረፍዳል። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ መግቢያ አልከፍልም፤ ዴኩን (የቪዲዮ ማጫወቻውን) የማጸዳው እኔ ነኝና። ክዳኑን ፈትቶ፣ ጥጥ አልኮል ነክሮ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ሄዱን ወደ ጎን ብቻ በቀስታ ማሸት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ካሹት ይሰበራል። አልኮል ሲጠፋ የጋሼን ሽቶ እንጠቀማለን። ጥጡ ጠቁሮ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ የሚዘንበው በረዶ ይጠራና ተዋናዩ አሚታብ ባቻን ፊት ይኖረዋል።

ፊልሞቹን በርዕሳቸው የሚጠራ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ በጠመኔ የሚጻፈው «እጁ የተቆረጠው»፣ «ሦስቱ ወንድማማቾች»፣ «የዝሆኑ»፣ «አሚታብ የሚሞትበት» እየተባለ ነው። የመጨረሻው ብዙ ጠብ አስነስቷል፤ አሚታብ የሚሞትበት ፊልም አንድ ብቻ አይደለማ! አንዱ ዲዋር ነው ብሎ ገብቶ ሙቃዳር ካ ሲካንዳር ሲከፈትበት ገንዘቤን መልሱ ይላል።

ካሴቶቹ ከዓረብ አገር ዞረው የመጡ ስለሆኑ ከታች የሚሄደው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። ሳዑዲ ቆይቶ የተመለሰ አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጽሑፉን እያነበበ ለቤቱ በሙሉ በአማርኛ ይጮሃል። ቆንጆ ተርጓሚ ነበር ማለት አይቻልም። የሰለቸውን ይዘላል፣ የወደደውን ያስረዝማል። የፍቅር ንግግር ሲመጣ «ያው እወድሻለሁ ነው የሚላት» ብሎ ይገላገላል። ስለዚህ የእኛ ትውልድ እነዚህን ፊልሞች መጀመሪያ ያየው በግማሽ ገብቶት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ስልክ ላይ ትርጉሙ ተጽፎ ስናይ ግማሾቹ እንደነበሩ ሆነው አገኘናቸው፣ ግማሾቹ አነሱብን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጨመሩ። የእኔ ሚዛን ይኸው ነው፤ የጨመረውን ነው የምመርጠው።

ሾሌን ማንም አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። ራሜሽ ሲፒ ዳይሬክት ያደረገው፣ ሳሊምና ጃቬድ የጻፉት፣ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን 1967 ህንድ ውስጥ የወጣ ነው። (ጃንሆይ ያረፉት በዚያው ወር ነሐሴ 21 ነው፤ እኛ አገር ያኔ የህንድ ፊልም የሚያሳስበው ሰው አልነበረም።) ቦምቤ ከተማ ሚኔርቫ ሲኒማ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። የሽፍቶቹ አለቃ ጋባር ሲንግ መጀመሪያ ሲመጣ የምታዩት ጫማውን ነው፤ ቀበቶውን አለቱ ላይ እየጎተተ ይመላለሳል። ተሸንፈው የተመለሱትን ሦስት ሰዎቹን ያቆምና ሽጉጡን አዙሮ በየተራ ይስብባቸዋል፤ ባዶ ነው፣ ሦስቱም ይተርፋሉ። ጋባር ይስቃል፣ እነሱም ይስቃሉ፣ ሽፍታው ሁሉ ይስቃል፣ ቪዲዮ ቤቱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ሦስቱንም ይገድላቸዋል። ሳቃችን አፋችን ውስጥ ይቀራል። አምጃድ ኻን የሚባለው ሰውዬ እስከዚያ ድረስ ስሙ ያልታወቀ መሆኑን ሳውቅ ማመን አልቻልኩም።

ደግሞ በሕጋችን መሠረት አክተር አይሞትም። ይህንን ሕግ አሚታብ ነው ያፈረሰብን። ጃይ ሆኖ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቀርቶ ሲሞት፣ ሲወረውራት የኖረችው ሳንቲም ሁለቱም ፊቷ አንድ ዓይነት መሆኑን ጓደኛው ያኔ ነው የሚያየው። «ይነሳል፣ ታያላችሁ፣ ይነሳል» እያለ እስከ መጨረሻው የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ።

ሾሌን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በእኛ ቪዲዮ ቤት ጋባር በመጨረሻ ይሞታል፤ ሸዋ በር አካባቢ በነበረው ግን ፖሊስ መጥቶ ይወስደዋል። የሁለቱ ሰፈር ልጆች አንተ ዋሽተሃል ተባብለን ተፈነካክተናል። ለካ ሁላችንም እውነታችንን ነበር። ፊልሙ መጀመሪያ ሲሠራ እጁ የተቆረጠው የቀድሞ ፖሊስ ታኩር ጋባርን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ያወጀችበት ወቅት ነበርና ሳንሱሩ ጡረታ የወጣ ፖሊስ እንዴት ሕግን በእግሩ ይረግጣል አለ፤ ስለዚህ ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ። ሁለቱም በየካሴቱ ተሰራጭተዋል። በ2025 ፊልሙ ታድሶ በመጀመሪያው መጨረሻው ጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ ታይቷል፤ እኛ ልጅ ሆነን የተደባደብንበት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኸውም ብትሉኝ፣ ሾሌ ያኔም ሙሉ ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። ትርጉሙን እያነበብኩ ሳየው አንዲት ነገር አልተጨመረልኝም። የእስር ቤቱ ኃላፊ ቀልድማ ያኔም ይሰለቸኝ ነበር፤ ዴኩን ወደፊት ማሳለፍ ስለምችል አሳልፈው ነበር፤ ጋሼም አይቆጡኝም ነበር።

«ሦስቱ ወንድማማቾች» የምንለው አማር አክበር አንቶኒ ነው፣ የ1977፣ የማንሞሃን ዴሳይ። ሦስት ልጆች ህንድ ነፃነቷን በምታከብርበት ቀን ከጋንዲ ሐውልት ስር ይጠፋፋሉ፤ አንዱን ሂንዱ ፖሊስ፣ አንዱን ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ አንዱን የካቶሊክ ቄስ ያሳድጉታል። ቪኖድ ካና፣ ሪሺ ካፑር፣ አሚታብ። ሃያ ምናምን ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሦስቱ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ተኝተው ለአንዲት ሴት ደም ይሰጣሉ፤ ሴትዮዋ የገዛ እናታቸው ናት። የተዋናዮቹ ስም መጻፍ የሚጀምረው ያኔ ነው። ደሙ ከሦስቱም ክንድ ወደ ላይ ወጥቶ ከአንድ ጠርሙስ ይገባና ወደ እናትየው ይወርዳል። እዚህ ያላችሁ ነርሶች እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ሳቁ፣ መብታችሁ ነው።

ይህንን ፊልም ሌላ አገር ሰው ሲያየው ተረት ይመስለዋል። ወሎ ላይ ግን ምኑ ተረት ነው? የእኔ አያት ሐጂ ናቸው፣ እናቴ የማርያም ማኅበር ጠጪ ናት። ሠርግ ሲኖር ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በእኛ በ1870 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሱ ድረስ መሐመድ ዓሊ አልነበሩም እንዴ? ስለዚህ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ማንም «እንዴት ሊሆን ይችላል» አላለም። የጠየቅነው ሌላ ጥያቄ ነው። አክበር የሚያፈቅራት ዶክተር ሰልማ ሙስሊም ናት፣ የአንቶኒ ጄኒ ክርስቲያን ናት፣ የአማር ላክሽሚ ሂንዱ ናት። ዳይሬክተሩ ሦስቱን ወንድማማቾች በድፍረት ቀላቅሎ ሲያበቃ፣ ትዳር ላይ ሲደርስ ፈራና እያንዳንዱን ወደየቤቱ መለሰው። ወሎ ቢቀረጽ ኖሮ አክበር ጄኒን ይዞ ይመጣ ነበር፣ ሽማግሌውም ሁለት ቀን ተነታርኮ ይመርቅ ነበር። ይህንን ያለችው ከኋላ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል የነበረች የጋሼ ባለቤት ናት፤ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ የፊልም ሂስ አልሰማሁም።

ዘፈኑን ግን አልከራከርም። ዘፋኞቹ ኪሾር ኩማር፣ ሙሐመድ ራፊ፣ ሙኬሽና ላታ አራቱም በአንድ ዘፈን የገቡበት ፊልም ነው፤ ሙኬሽ ፊልሙ ሳይወጣ 1976 ላይ ነው ያረፈው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ዲዋር የወጣው ሾሌ በወጣበት ዓመት፣ በፈረንጅ 1975 መጀመሪያ ነው፤ ዳይሬክተሩ ያሽ ቾፕራ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ያው ሳሊምና ጃቬድ ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ሾሌንም ዲዋርንም መጻፋቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ደግሞ ሾሌ ሾሌ ለምትሉት፣ የዚያ ዓመት የህንዶቹ የፊልምፌር ሽልማት ላይ ምርጥ ፊልም የተባለው ዲዋር ነው፤ ሾሌ ያገኘው የኤዲቲንግ ብቻ ነው። ሽልማት ሁሉን ይናገራል እያልኩ አይደለም፣ እንድታውቁት ያህል ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነው፤ ሚስትና ልጆቹን አግተው ሠራተኛውን የሚሸጥ ወረቀት ያስፈርሙታል። እሱ አፍሮ ይጠፋል፤ ሰዎቹ ትልቁን ልጅ ይይዙና ክንዱ ላይ «አባቴ ሌባ ነው» ብለው ይነቅሱታል። እናት ሁለት ልጇን ይዛ ቦምቤ ትገባለች፣ ድልድይ ስር ያድራሉ፣ ጡብ ትሸከማለች። ትልቁ ቪጃይ (አሚታብ) ወደብ ላይ ተሸካሚ ይሆንና በኋላ ኮንትሮባንድ ውስጥ ይገባል። ትንሹ ራቪ (ሻሺ ካፑር) ተምሮ ፖሊስ ይሆናል።

እኔ ዛሬ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ከሚራገፍበት መጋዘን። ጫኝና አውራጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ አያቸዋለሁ፤ ጆንያ አጥፈው ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሳይነጋገሩ ተራ የሚይዙበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የወደቡ ክፍል ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ። ደመወዝ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይቀበላል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ዱርዬዎቹ ተቀምጠው ከእያንዳንዱ ላይ ይቆርጣሉ። አንድ አዲስ ልጅ አልሰጥም ይልና ሲሸሽ ይሞታል። ያን ጊዜ ቪጃይ ምግቡን እየበላ ለሽማግሌው ለረሂም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላም አንድ ተሸካሚ አልሰጥም እንደሚል ይነግራቸዋል። ድምፁን እንኳን ከፍ አያደርግም። ሌሎቹ ፊልሞች ላይ አክተሩ ከመማታቱ በፊት አንድ ሰዓት ይፎክራል፤ እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ዱርዬዎቹ ከተማውን ሲያስሱት እሱ የራሳቸው መጋዘን ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለአለቃቸው ይወረውርለታል፤ ከኪስህ አውጥቼ እከፍተዋለሁ ነው ነገሩ። ሰማያዊ ሸሚዙን ወገቡ ላይ ቋጥሮ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ። የሸሚዙን ቋጠሮ ደሴ ውስጥ ያልቋጠረ ጎረምሳ አልነበረም። አሚታብ ራሱ እንደተናገረው ሸሚዙ ረዝሞ ስለተሰፋ ነው የቋጠረው፤ በልብስ ሰፊ ስህተት አንድ ትውልድ ፋሽን አገኘ።

የ786ቱም ነገር አለ። ቪጃይ የሚያደርጋት የወደብ ሠራተኛ ባጅ ቁጥሯ 786 ነው፤ ረሂም ይህ ቁጥር እንደሚጠብቀው ይነግረዋል። የእኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ ሲደርስ ጋሼን «አቁምልኝ» ብሎ ካሴቱን አስቆመና ቆሞ አስተማረን፦ ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም ፊደሉ በቁጥር ሲደመር 786 ይመጣል። ፊደል ቆጥሮ መደመር ለእኛ ሸኾችም ለእኛ ደብተራዎችም እንግዳ አይደለምና የክርስቲያኑ ልጅም አንገቱን ነቀነቀ። ባጇ አንዴ ጥይት ትመልስለታለች፤ በመጨረሻ ከእጁ ስትወድቅ ምን እንደሚመጣ ማንም ሳይተረጉምልን አወቅነው። በቤተ መቅደስ ደጃፍ ተቀምጦ የማይገባ፣ ከአምላኩ የተኳረፈ ሂንዱ፣ የእስልምና ቁጥር ተሸክሞ የሚኖርበት ፊልም ነው። አማር አክበር አንቶኒ ሦስት ሰዓት የለፋበትን ይኼ በአንዲት ባጅ ጨርሶታል።

ሲጨምር ያየሁት ግን ሌላ ቦታ ነው። ራቪ አንድ የሚሮጥ ልጅ እግሩን በጥይት ይመታዋል፤ ሲያየው የሰረቀው ዳቦ ነው። ያኔ ተርጓሚያችን «ሌባ ነው፣ ዳቦ ሰረቀ» ብሎ ዘሎት ነበር። በኋላ በጽሑፍ ሳየው ነው የገባኝ። ራቪ ምግብ ይዞ ወደ ልጁ ቤት ይሄዳል፤ እናትየው ትሰድበዋለች፣ አባትየው ይገሥጻታል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የለም። ስርቆት ዳቦም ቢሆን ብዙ ገንዘብም ቢሆን ያው ስርቆት ነው ይላል፣ የተራበ ሁሉ ይስረቅ ወይ? ራቪ ወንድሙን ለማሳደድ የሚወስነው ከዚህ ቤት ሲወጣ ነው። እኛ ደግሞ ልጅ ሆነን «ራቪ ለምን በወንድሙ ላይ ተነሳ፣ ቀናበት እንጂ» እያልን ስንሰድበው ኖርን። ያቺን ደቂቃ ዘለን አንድ ሰው በድለናል።

የቪጃይንና የራቪን እናት ኒሩፓ ሮይ ናት የሠራቻት፤ እኛ «የአሚታብ እናት» ነው የምንላት፣ በአማር አክበር አንቶኒም እሷው ናት። ቪጃይ ያንን ቤት፣ ያንን መኪና ቆጥሮ አንተ ምን አለህ ሲለው ራቪ እናቴ አለችኝ የሚለው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ቤቱ በፉጨት ይናወጥ ነበር። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ራቪ ወንድሙን ሊይዝ ሲወጣ ሽጉጡን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ስትተኩስ እጅህ አይንቀጥቀጥ ትለዋለች። ከዚያ ሄዳ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያኛውን ልጇን ትጠብቃለች። እናትነት አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አለመሆኑን እንዲህ አድርጎ ያሳየ ፊልም አላየሁም። አንድ ብቻ ካላችሁኝ ለዚህ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። «የዝሆኑ» ማለት ሃቲ ሜሬ ሳቲ ነው፣ 1971፤ ዝሆኑ ሲሞት ያላለቀሰ ደሴ ውስጥ የለም፣ እንደ ፊልም ግን ከልቅሶው ሌላ ብዙ የለውም። ዛንጂር፣ 1973፣ አሚታብን አሚታብ ያደረገው እሱ ነው፤ ለታሪኩ ሲባል ይታይ። ካራቴ ለምትሉት ኢንተር ዘ ድራገን በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩስ ሊ ፊልሙ ሳይወጣ ሞቷል፣ እኛ ይህንን ሳናውቅ «ቀጣዩ መቼ ይመጣል» እያልን እንጠይቅ ነበር።

ህንድ ብቻ አይሁን ከተባለ፣ የዚያ ዘመን የእኛ ፊልም የኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት ነው፣ 1976፣ ጥቁርና ነጭ። በዝግታው ተስፋ ሳትቆርጡ እዩት። ወዶ የሚያየው ባይሆንም በዚያው አሥር ዓመት ስለ እኛው ወሎ የተሠራ ሌላ ፊልም አለ፤ የጆናታን ዲምብልቢ፣ በጥቅምት 1973 እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየው የረሃቡ ፊልም። ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀላቅሎ በአዲስ ዓመት ማታ አሳየው፤ በማግስቱ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ወረዱ። ወላጆቻችን ያንን ጊዜ አልፈው ነው እኛን ለአሚታብ መግቢያ ሳንቲም የሰጡን።

ልጆቹን በተመለከተ፣ በአማር አክበር አንቶኒ ጀምርላቸው፤ አሚታብ ሰክሮ መስታወት ውስጥ ያለውን ራሱን ቁስሉን ሲያክምለት ካልሳቁ እኔን ውቀሰኝ። ሦስት ሰዓት ስለሆነ ከሁለት ቀን ከፍለው ይዩት፣ ዘፈኑን ግን እንዳይዘሉት። ሾሌ ላይ ጋባር የታኩርን ቤተሰብ ሕፃኑን ሳይቀር የሚጨርስበት ቦታ ስላለ ትንንሾቹ ይቆዩ። ዲዋርን ለትልልቆቹ አድርገው፣ ትርጉሙ በጽሑፍ ያለበትን ፈልግ፤ በአማርኛ ተተርኮ በአሥር ደቂቃ ያለቀውን ካዩ የመምህሩን ቤት አያገኙትም።

ትሪሹልን የመረጥከው ወንድሜ፣ ያሽ ቾፕራም ሳሊም ጃቬድም እንዳሉበት አውቃለሁ፣ አልረሳሁህም። ሻሺ ካፑር እዚያ ላይ ከዲዋሩ ይበልጣል ያልከውን ግን አልውጥልህም፤ ነገ ከሥራ ስወጣ ለብቻው እመልስልሃለሁ።